የአንድ ሺህ ሜትር ክር ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1828 በቤንጋል ይታተም ለነበረ «ሰማቻር ደርፓን» ለተባለ ጋዜጣ ከሻንቲፑር አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ጸሐፊዋ ስሟን አልጻፈችም። ራሷን የገለጸችው በመከራ ላይ ያለች ፈታይ መሆኗን በመናገር ብቻ ነበር።

ይህች ሴት ባሏ ሲሞትባት የ22 ዓመት ወጣት ነበረች። ሦስት ሴት ልጆችና ሁለት አረጋውያን አማቶች በእጇ ላይ ቀሩ። ሟቹ የተወላት ጥሪት አልነበረም፤ የነበራትንም ጌጥ ሂንዱዎች ለሟች ለሚያደርጉት ሥርዓት ማስፈጸሚያ ሸጠችው። ረሃብ ደጃፏ ላይ ሲቆም ግን አንድ መውጫ አገኘች፤ እርሱም ጥጥ መፍተል ነበር። ጠዋት የቤቱን ሥራ ትጨርስና እስከ እኩለ ቀን በመፍተያው መዘውር ላይ ትቀመጣለች። ምግብ ሠርታ አማቶቿንና ልጆቿን ካበላች በኋላ ደግሞ በእንዝርት ቀጭኑን ክር ትፈትላለች። ሸማኔዎች እቤቷ ድረስ እየመጡ ክሯን ይገዟት ነበር፤ ቀብድ ስትጠይቅም ሳያመነቱ ይሰጧታል። በዚህ ገቢ አማቶቿን ጦረች፤ ሦስቱንም ልጆቿን እንደ ወጉ ዳረች።

ደብዳቤውን በጻፈችበት ጊዜ ግን ሸማኔዎቹ ወደ ደጇ መምጣት ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ክሯን ገበያ ብትልከው እንኳ በቀድሞው ዋጋ ሩብ የሚገዛት አጣች። ምክንያቱን ስትጠይቅ ከባሕር ማዶ ከእንግሊዝ አገር ክር በብዛት መግባቱን ነገሯት።

የደብዳቤውን መጨረሻ ለጽሑፋችን መጨረሻ እናቆየው። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የዚህች ሴት ጣቶች ሙያቸውን አልረሱም ነበር፤ መዘውሯም አልተሰበረም። የጠፋው እደጇ ድረስ መጥቶ በተገቢ ዋጋ የሚገዛት ሰው ነበር። የህንድ መንደሮች የእጅ ፈትል ታሪክ ከዚያን ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፍሬው እስከ ክሩ

ብዙዎቻችን እናቶቻችን ወይም አያቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ እያየን ነው ያደግነው። ስለሆነም የህንዷን ፈታይ ሥራ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጥጡ ይለቀማል፣ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ አመልማሎ ይወጣዋል፣ ከዚያ ይፈተላል። ቅደም ተከተሉ እዚህም እዚያም አንድ ነው።

ለአብነት ያህል በደቡብ ምሥራቅ ህንድ በአንድራ ፕራዴሽ ግዛት፣ በስሪካኩለም አውራጃ የምትገኘውን ፖንዱሩን እንመልከት። ይህች አነስተኛ ቦታ በቀጭን የእጅ ፈትል ስሟ የታወቀ ነው። የፖንዱሩ ሴቶች ጥጡ ገና ከፍሬው ሳይለይ በአንድ እንግዳ መሣሪያ ያበጥሩታል። መሣሪያው ቫሉጋ የተባለ ትልቅ የወንዝ ዓሣ መንጋጋ ነው። በመንጋጋው ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ቆሻሻውንና አጫጭሩን ጭረት አስቀርተው ረጃጅሙን ያስተካክሉታል። ጥጡ ቀጥሎ በእንጨት ገበታ ላይ ተደርጎ በቀጭን ብረት ይዳመጣል፤ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ሲዳመጥ ላየ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያም በደጋን ተነድፎ እንደ ጉም ይሳሳል። የተጠቀለለው አመልማሎ አቧራና ላብ እንዳያገኘው በደረቀ የሙዝ ግንድ ልጣጭ ተሸፍኖ ይያዛል። የሚፈተለውም ሃያ አራት ዘንግ ባለው፣ አንድ እንዝርት ብቻ በሚያዞር መዘውር ነው። ህንዶች ይህን በእጅ የሚዞር የመፍተያ መዘውር ቻርካ ይሉታል።

እዚህ ላይ ስለ ነዳፊዎቹ አንድ ቃል ማለት ተገቢ ነው። በህንድ ብዙ አካባቢዎች ጥጥ መንደፍ የሙስሊሞች ሙያ ሆኖ ኖሯል። በሰሜን ማንሱሪ፣ በአንድራ ደግሞ ዱዴኩላ የሚባሉት ማኅበረሰቦች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። በቢሃርና በጎረቤት ኔፓል ደግሞ ነዳፍ ይባላሉ። ነዳፍ የዐረብኛ ቃል ሲሆን ጥጥ ነዳፊ ማለት ነው። የእኛው «ነደፈ» እና የዐረቡ «ነደፈ» በድምፅም በትርጉምም አንድ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። ደጋኑን ተሸክሞ ከመንደር መንደር የሚዞረው ነዳፍ ካልመጣ፣ በጓዳ የተቀመጠችው ፈታይ ሥራ ትፈታለች።

ፈትሉ ራሱ ሦስት እንቅስቃሴ አለው። ግራ እጅ አመልማሎውን ይዞ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቀኝ እጅ መዘውሩን ሲያዞር እንዝርቱ ክሩን ያከርረዋል፤ ከዚያ መዘውሩ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ የከረረው ክር በእንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል። ስቦ፣ አክርሮ፣ ጠምጥሞ እንደገና መሳብ ነው። እጆቹ ካልተስማሙ ክሩ ይበጠሳል፣ ወይም አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ይቀጥናል። ባዘቶን በሁለት ጣት ሳብ ብናደርገው ያለ ድካም ይለያያል፤ ያው ባዘቶ ከርሮ ክር ሲሆን ግን ልብስ ይሸከማል። በቁርኣን በአን-ነሕል ምዕራፍ በ92ኛው አንቀጽ ቃል ኪዳኑን የሚያፈርስ ሰው፣ ፈትሏን አጠንክራ ከፈተለች በኋላ መልሳ ከምትፈታ ሴት ጋር መመሳሰሉ በዚህ የተነሣ ይበልጥ ይገባናል። አንድ ልቃቂት ለመሙላት ስንት ጊዜ እንደሚሳብና ስንት ጊዜ እንደሚጠመጠም የምታውቅ ሴት ያንን ምሳሌ ስትሰማ የሚሰማት ድንጋጤ ከሌላው ሰው የተለየ ነው።

ቅጥነት የሚለካው በቁጥር ነው። በእንግሊዞች የጥጥ መለኪያ፣ እያንዳንዳቸው 840 ያርድ የሆኑ ስንት ጥቅሎች አንድ ፓውንድ እንደሚመዝኑ ይቆጠራል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይቀጥናል። የፖንዱሩ ስመ ጥር ክር ከ100 ቁጥር በላይ ይደርሳል። ይህም ማለት ከአንድ ግራም ጥጥ ከ169 ሜትር የማያንስ ክር ይወጣል ማለት ነው። በጥንቱ የቤንጋል ስስ ጨርቅ የሚጠራው የ300 ቁጥር ክር ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ሺህ ሜትር ክር የሚመዝነው ሁለት ግራም ያህል ብቻ ነው።

መዘውሩ ወደ ህንድ ሲገባ

ህንድ ጥጥን ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ረጅም ዘመን ትፈትል የነበረው ግን በእንዝርት ነበር። የታሪክ ሊቁ ኢርፋን ሐቢብ እንደሚያስረዱት፣ መዘውሩ ወደ ህንድ የገባው በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከሙስሊሞች መምጣት ጋር ነው። ቻርካ የሚለውም ቃል የመጣው ጎማ ወይም መዘውር የሚል ትርጉም ካለው «ቸርኽ» ከተባለው የፋርስ ቃል ነው።

በህንድ ጽሑፎች ውስጥ ስለ ቻርካ ከተነገረው ቀዳሚ ነው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1350 የተጠናቀቀው የዒሳሚ «ፉቱሕ አስ-ሰላጢን» ነው። ዒሳሚ ቻርካን የጠቀሰው ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን የገዛችውን ሱልጣን ረዚያን ለመንቀፍ ነበር፤ ለሴት የሚስማማት ዙፋን ሳይሆን ቻርካ ነው ለማለት። አነጋገሩ ለንግሥቲቱ ፍትሕ የተሞላበት አይደለም። ሳያስበው ግን በእርሱ ዘመን ቻርካ የቤት ዕቃ ሆኖ እንደነበር ለታሪክ መሰከረ።

መዘውሩ የአንዲትን ሴት የቀን ሥራ ብዙ እጥፍ አሳደገው። እንዝርቱ ግን አልተጣለም። እጅግ ቀጭኑ ክር እስከ መጨረሻው በእንዝርት ይፈተል ነበር፤ የሻንቲፑሯም ሴት ከሰዓት በኋላ ወደ እንዝርቷ የምትመለሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

የዚያ ቀጭን ክር ዝና ሩቅ ተጉዟል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ነጋዴው ሱለይማን ከዚያ አካባቢ በቀለበት ውስጥ የሚሾልክ የጥጥ ጨርቅ እንደሚመጣ ተርኳል። እ.ኤ.አ. በ1346 ገደማ ቤንጋልን የጎበኘው ኢብን በጡጣም 30 ክንድ የሚሆን ምርጥ የጥጥ ጨርቅ በሁለት ዲናር ሲሸጥ ማየቱን ጽፏል። በሙጋል ነገሥታት ዘመን ለጨርቆቹ የፋርስ ስም ወጣላቸው። አንዱ «ሸብነም» ማለትም ጤዛ፣ ሌላው «አቢ-ረዋን» ማለትም ወራጅ ውኃ ተባለ።

የዳካ ፈታዮች ሥራ እንዴት እንደነበር በ1840 መጽሐፍ ያሳተመው ሐኪሙ ጄምስ ቴይለር ዘግቧል። ደረቅ አየር ቀጭኑን ክር ይበጥሰዋል። በመሆኑም ሴቶቹ ይፈትሉ የነበረው ማለዳ ጤዛው ሳይነሣ ነበር፤ አየሩ ከደረቀ ደግሞ በዝርግ ዕቃ ውኃ አስቀምጠው እርጥበቱ ክሩን እንዲያለሰልሰው ያደርጋሉ። ጥጡን የሚያበጥሩትም በቦዋል ዓሣ መንጋጋ ነበር። ቦዋልና የፖንዱሩ ቫሉጋ አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው። በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት ስፍራዎች ሴቶች ያንኑ ማበጠሪያ መጠቀማቸው የሚያስገርም ነው። ዳካ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ነች። በህንድ በኩል በቀረው ምዕራብ ቤንጋል ግን ዛሬም በጣም ቀጭን የሆነ የጥጥ ክር በእጅ የሚፈትሉ መንደሮች አሉ።

ሐር፤ የሚፈተለውና የማይፈተለው

ብዙ ሰው ሐር ሁሉ የሚፈተል ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሙልበሪ የተባለውን ዛፍ ቅጠል የሚበላው ትል በራሱ ዙሪያ የሚሠራው ጎጆ አንድ ወጥ የሆነ፣ ብዙ መቶ ሜትር የሚረዝም ጭረት ነው። ጎጆው በሙቅ ውኃ ይነከርና የጥቂት ጎጆዎች ጭረት አንድ ላይ ተስቦ ይጠቀለላል። ይህ መፍተል ሳይሆን መተርተር ነው። ትሉ ወደ ቢራቢሮ ተለውጦ ቀዶት የወጣው ጎጆና በመተርተር ጊዜ የሚተርፈው ብጥስጣሽ ግን እንደ ጥጥ መፈተል አለበት። በቤንጋል እንዲህ ያለው ክር ማትካ ይባላል፤ ስሙ ሴቶቹ ሲፈትሉ ከሚገለገሉበት የሸክላ ማሰሮ የመጣ ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ህንድ በአሳም ደግሞ ኤሪ የተባለ ሐር አለ። ትሉ የሚበላው የጉሎ ቅጠል ነው። የኤሪ ጎጆ በአንድ ጫፉ ክፍት በመሆኑና ጭረቱ ወጥ ባለመሆኑ ሊተረተር አይችልም፤ መፈተል ብቻ ነው ያለው። የአሳም ሴቶች ጎጆዎቹን በአመድ ወይም በሶዳ ውኃ ይቀቅሏቸዋል። ከዚያ እንደ ቂጣ ዘርግተው ያደርቋቸውና በእንዝርት ይፈትሏቸዋል። ቢራቢሮው ወጥቶ ከሄደ በኋላ ስለሚፈተል ነፍስ ያልጠፋበት ሐር እያሉ የሚገዙት ሰዎች አሉ፤ በመንደሩ ግን በጎጆው ውስጥ ያለው ትል ምግብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለገበታ ይቀርባል። ጉሎ በሚበቅልበት በአገራችንም ዛሬ የኤሪ ትል ይረባል፤ ሐሩም በእጅ ይፈተላል።

ሆኖም የቆየ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብለን እንዳንሳሳት የቢሃርና የጃርካንድን ሴቶች ማየት ይበቃል። በእነዚህ አካባቢዎች ከደን ዛፍ ላይ የሚሰበሰብ ተሳር የተባለ ሐር አለ። ይህን ሐር ሴቶች ለትውልዶች ያወጡት መሬት ተቀምጠው፣ ጭረቱን በባዶ ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው እያሹ ነበር። ክሩ ያማረ ነው፤ የሴቲቱ ቆዳ ግን ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ወገቧም ይጎብጣል። የህንድ ማዕከላዊ የሐር ቦርድ ይህን አሠራር ለማስቀረት ቡኒያድ የተባለ አነስተኛ መተርተሪያ መሣሪያ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሴቶች ማከፋፈል ጀምሯል። የእጅን ሥራ መውደድ ማለት የሠራተኛዋን ሥቃይ መውደድ ማለት አይደለም።

ሐር ለሙስሊም ወንዶች የተከለከለ፣ ለሴቶች ግን የተፈቀደ ልብስ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የጉጃራት ሸማኔዎች ከዚህ ድንጋጌ ጋር የተያያዘ አንድ ጥበብ ፈጥረዋል። ድሩ ሐር፣ ማጉ ጥጥ ሆኖ ይሸመናል፤ ሐሩ ወደ ላይ ወጥቶ ያበራል፣ ሰውነት የሚነካው የውስጠኛው ገጽ ግን ጥጥ ነው። ስሙም «መሽሩ» ነው፤ «መሽሩዕ» ከሚለው በሸሪዓ የተፈቀደ የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የመጣ። የተቀላቀለ ሐር የሚለበስበትን ልክ መወሰን የፊቅህ ሊቃውንት ድርሻ ነው። ለእኛ ርዕስ የሚበጀው ግን የሐሩና የጥጡ ፈትል በአንድ ጨርቅ ላይ መገናኘታቸው ነው። በፓታንና በማንድቪ ዛሬም መሽሩ የሚሸምኑ ቤተሰቦች አሉ፤ ይሁንና አብዛኛው ድር አሁን በሐር ምትክ ሬዮን ሆኗል።

በሩ ተዘግቶ ሲከፈት

ወደ ሻንቲፑሯ ሴት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1779 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ክሮምፕተን ብዙ እንዝርቶችን በአንድ ጊዜ የሚያዞርና ቀጭን ክር የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። ከ1820ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ክር ወደ ህንድ በብዛት ይገባ ጀመር። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ አስተዳደር በእንግሊዝ ኩባንያ እጅ ስለነበር ለፈታዮቹ የሚከራከርላቸው አልነበረም። ሸማኔው ርካሹን ክር ገዝቶ ለጊዜው ሥራውን ቀጠለ። ፈታይዋ ግን ምትክ ሥራ አልነበራትም፤ ከቤቷ ሳትወጣ፣ ልጇን እያጠባች ልትሠራው የምትችለው አንዱ ሙያ ይህ ነበርና።

ዘጠና ዓመት ያህል አለፈ። ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ተመልሰው በአህመዳባድ ሲቀመጡ ሕዝቡ የራሱን ልብስ ራሱ እንዲሠራ አሰቡ፤ ቻርካና ፈታይ የሚያሳያቸው ሰው ግን አጡ። እ.ኤ.አ. በ1917 ገደማ ጋንጋቤን መጅሙንዳር የተባለችን መበለት አገኙና ፍለጋውን ለእርሷ ተዉት። እርሷም ጉጃራትን ዞራ በባሮዳ ግዛት በቪጃፑር አገኘችው። ቻርካዎቹ በየቤቱ ቆጥ ላይ እንደማይረባ ዕቃ ተጥለው ነበር። ሴቶቹ ለመፍተል ፈቃደኛ ነበሩ፤ ያቀረቡትም ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ አመልማሎ ሳይቋረጥ ይቅረብልን፣ የፈተልነውንም ግዙን የሚል።

ይህ ከሻንቲፑሯ ሴት ጥያቄ ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ጋንዲ በግለ ታሪካቸው እንደጻፉት የመጀመሪያውን አመልማሎ ከፋብሪካው በመላክ ችግሩን የፈቱላቸው ዑመር ሶባኒ የተባሉ የቦምቤይ ሙስሊም ባለፋብሪካ ነበሩ። ቆይቶም በወር 35 ሩፒ የሚከፈለው ነዳፊ ተቀጠረ። ከቆጥ የወረደው ቻርካ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የነፃነት ትግሉ ምልክት ለመሆን በቃ፤ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የሚሸመነውም ጨርቅ ካዲ በሚል ስም ታወቀ።

በዚሁ ትግል ውስጥ ቢ አማን በሚል የአክብሮት ስም የሚታወቁትን የአባዲ ባኖ ቤገምን ስም ማንሣት ግድ ይላል። የመሐመድ ዐሊና የሸውከት ዐሊ እናት የሆኑት እኒህ ሴት ባላቸው በወጣትነታቸው ሞቶባቸው፣ ጌጣቸውን አስይዘው ልጆቻቸውን ያስተማሩ ናቸው። በኺላፋ ንቅናቄ ዘመን በእርጅና ዕድሜያቸው ህንድን እየዞሩ ሕዝቡ የውጭ ጨርቅ ትቶ ካዲ እንዲለብስ ሰብከዋል፤ እስካረፉበት እስከ 1924ም በዚሁ ጸንተዋል። ከመቶ ዓመት በፊት በአንዲት ሂንዱ መበለት ላይ የተዘጋውን በር ለማስከፈት አንዲት ሙስሊም መበለት ደከሙ።

ይሁንና ምልክት መሆን ብቻውን አያበላም። የመላው ህንድ ፈታዮች ማኅበር በ1925 ከተቋቋመ አሥር ዓመት ሲሆነው፣ ጋንዲ ራሳቸው ፈታይዋ የምታገኘው እጅግ ትንሽ መሆኑን አምነው ክፍያዋ ለኑሮ የሚበቃ እንዲሆን ሞገቱ። ካዲ ይወደድብናል ያሉ የራሳቸው ሰዎች ተቃወሟቸው። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ልብሱን በርካሽ የመልበስ ፍላጎትና ለፈታይዋ በቂ የመክፈል ግዴታ ፊት ለፊት ተጋጠሙ።

ዛሬስ?

ዛሬ ይህን ሥራ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1957 ሥራ የጀመረው የህንድ የካዲና የመንደር ኢንዱስትሪዎች ኮሚሽን ነው። አብዛኛው ክር የሚፈተለው በጥንቱ ቻርካ ሳይሆን ብዙ እንዝርት ባለው፣ በእጅ በሚዞር አምባር ቻርካ ነው። አብዛኞቹ ፈታዮች ሴቶች ናቸው። ክፍያው በጥቅል ይታሰባል፤ አንዱ ጥቅል አንድ ሺህ ሜትር ክር ነው። ለአንድ ጥቅል ይከፈል የነበረው 10 ሩፒ ከኦክቶበር 2 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ 12 ከ50፣ ከአፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ 15 ሩፒ ከፍ ብሏል።

ተማሪዎቻችን ሊሠሩት የሚችሉት አንድ የሒሳብ ጥያቄ እነሆ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 20 የድርና 20 የማግ ክር ያለው ጨርቅ እንውሰድ። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 2,000 ሜትር ድርና 2,000 ሜትር ማግ፣ በድምሩ 4,000 ሜትር ክር አለ። ይህ አራት ጥቅል ነው፤ የፈታይዋ ድርሻ 60 ሩፒ ይሆናል። አራት ኪሎ ሜትር ክር በጣቶቿ መካከል አልፏል ማለት ነው። በከተማው ሱቅ የተሰቀለውን የካዲ ሸሚዝ ዋጋ የጠየቀ ሁሉ ከዚያ ውስጥ ለእርሷ የደረሰው ስንት እንደሆነ ራሱ ሊያሰላ ይችላል።

በሌላ በኩል በፋብሪካ የተፈተለውን ክር ካዲ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አልጠፋም። ይህን ለመከላከል ከ2013 ጀምሮ የካዲ ምልክት የተባለ የማረጋገጫ ደንብ ወጥቷል። ምልክቱ ገዢን ይረዳል፤ ገዢው ካልጠየቀ ግን ዋጋ የለውም።

የህንድ ሰንደቅ ዓላማም የቅርብ ጊዜ ታሪክ አለው። በነፃነት ትግሉ ዘመን በመካከሉ ቻርካ ነበረበት፤ በ1947 በአሾካ መንኮራኩር ተተካ። ጨርቁ ግን በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ መሆን እንዳለበት ደንብ ነበር። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 ደንቡ ተሻሻለና በመሣሪያ የተሠራ የፖሊስተር ሰንደቅ ተፈቀደ። በካርናታካ ግዛት በሁባሊ ሰንደቁን የሚሠሩ የካዲ ሠራተኞች ተቃውሟቸውን አሰሙ። ፖሊስተሩ ርካሽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዜጋ ይደርሳል ይላሉ ደጋፊዎቹ። ክርክሩ የ1935ቱ ዓይነት ነው፤ የሻንቲፑር ሸማኔዎችም ቢጠየቁ ይህንኑ መልስ በሰጡ ነበር።

የደብዳቤው መጨረሻ

አሁን ወደ 1828ቱ ደብዳቤ እንመለስ። ያቺ ሴት የባሕር ማዶው ክር ከእኔ ክር አይሻልም የሚል ኩራት ነበራት። አምጥታ ብታየው ግን የተሻለ ሆኖ አገኘችው፤ ዋጋውንም ብትሰማ እጅግ ርካሽ ነው። ስለ መሣሪያው የነገራት ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ክር በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ የፈተሉት የዚያ አገር ሴቶች ከእኔ የባሱ ድሆች ናቸው ብላ አሰበች። የእንግሊዝ ሰው ሁሉ ሀብታም ይመስላት ነበር፤ አሁን ከእርሷ የከፋ ችግር ላይ የወደቁ እኅቶች በዚያ መኖራቸውን ተረዳች። ለራሷ የምታዝንበትን ጊዜ ቀንሳ ለእነርሱ አዘነች።

በአንድ በኩል ተሳስታለች፤ ክሩን የፈተለው መሣሪያ ነው። በሌላ በኩል ግን አልተሳሳተችም። ዋጋው እጅግ ርካሽ ከሆነ ዕቃ ጀርባ ያልተከፈለው ሰው አለ ብላ የጠረጠረች የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የነበረች የመንደር ሴት ናት። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች ውስጥ ሕፃናት ረጅም ሰዓት ይሠሩ እንደነበር ስናስታውስ፣ ጥርጣሬዋ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

እኛም የፈትል ሸማ፣ ነጠላ ወይም ኩታ ስንገዛ ጥለቱን እናያለን፣ ሸማኔውን እናመሰግናለን፣ ዋጋውን እንከራከራለን። ድሩንና ማጉን ማን እንደፈተለው የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። የቪጃፑር ሴቶች የጠየቁት አመልማሎና ገዢ ነበር። የሻንቲፑሯም ያጣችው ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ስንገባ ቢያንስ ጥያቄውን ማንሣት እንችላለን፤ ይህን የፈተለችው ማን ናት፣ ለልፋቷስ ስንት ደረሳት?